ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ ዕለት

ልጅ እያለሁ የሌሊቱን ክፋት የምለካው በዶሮ ድምፅ ነበር። ዶሮ ቆጥ ላይ ሆና በእንቅልፍ ልቧ ስታጉረመርም ሰላም ነው። ድንገት ዝም ካለች ጆሮዬን አቆማለሁ። ከጉሮሮዋ ሥር ቀጭን፣ የተጎተተ፣ ጥያቄ የሚመስል ድምፅ ካወጣች ግን ውጭ የቆመ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያኔ ጋቢውን እስከ አናቴ ስቤ ትንፋሼን እውጣለሁ። ከተማ ያደጋችሁ እኩዮቼ በቴሌቪዥን የልጆች ፊልም አይታችሁ ስትተኙ፣ እኛ አዲስ ቅዳም ዳርቻ ያደግን ልጆች የማታ ዜናችንን የምንሰማው ከቆጥ ነበር።

ፈሪ ነበርኩ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ታናሽ ወንድሜ አበጀ ገና የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ከእኔ ይደፍር ነበር። ሱዚ ስንዘል፣ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት የሚያክለኝ የለም፤ ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ግን ጨዋታውን መሀል ላይ ጥዬ ወደ ቤት የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ጓደኞቼ "ስመኝ ጀምበሯን ልትሸኝ ሄደች" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። እነሱ ቤታቸው መንገድ ዳር ነው።

የእኛ ቤት ከመንገዱ ገባ ያለ ነበር። ነፍስ ሳውቅ ከጀርባችን ያለው መሬት ገብስና ድንች ስለነበር ከደጃፋችን ተቁሞ ወደ ዳንግላ የሚወስደው አስፋልት፣ ላዩ ላይ የሚሮጡት ሚኒባሶችም ጭምር ይታዩ ነበር። ከዚያ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ መጣ። አንዱ ተከለ፣ ጎረቤቱ አይቶ ተከለ፣ ጥቂት ክረምት ሳያልፍ አገሩ ሁሉ ዛፍ ለበሰ። የቤታችን ቆርቆሮ፣ የግድግዳችን ሶላር፣ የእኔና የአበጀ ጫማ፣ ሁሉም ከዚያ ዛፍ ከሰል የወጣ ነው፤ ውለታውን አልክድም። ዛፉ ግን ብቻውን አልመጣም። ድሮ ርቆ የሄደ አውሬ ሁሉ መደበቂያ አገኘና እስከ አጥራችን ወረደ። ሽማግሌዎቹ "ዛፍ ተከልን ብለን አውሬ ጠራን" ይሉ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በዛፎቹ መካከል ያለችው ቀጭን መንገድ ገና በዘጠኝ ሰዓት ትጨልማለች፤ ጉም የወረደ ቀንማ ከፊቴ የሚሄደውን የአበጀን ቦርሳ እንኳ አላይም። ቢጫ አበባው ሲያብብ የሚያውደው ጣፋጭ ሽታ ለሌላው ሰው ደስታ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሲሸተኝ እግሬ ሊሮጥ ይቃጣዋል።

ከአውሬው ሁሉ የከፋው ሸለምጥማጥ ነው። ጅብ እንኳ ቢሆን ጮኾ ይመጣል፣ ጠላትነቱን ይናገራል። ሸለምጥማጥ ግን ድመት የሚያክል፣ ገላው ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ረጅም፣ አጥንት የሌለው ይመስል በሦስት ጣት ቀዳዳ የሚሾልክ ሌባ ነው። አንድ ዶሮ ይዞ ቢሄድ እንኳ በተገኘ። ቆጥ ላይ ከወጣ የቻለውን ሁሉ አንገቱን ይቀረጥፋል፣ ደሙን ይመጥጣል፣ ሥጋውን ትቶ ይሄዳል። እማየ "ርቦት ሳይሆን ክፋት ለምዶበት ነው" ትል ነበር።

ያን ዓመት እማየ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ወንድ ልጅ ወልዳ ክርስትና ሳይነሳ ሞቶባታል። እሷም ከዚያ አራስነት በቅጡ አልተነሳችም። ቤቱ ከእህል ባዶ በነበረበት ጊዜ ስለወለደች ፊቷ ገርጥቶ፣ እንስራ ሲያዝሏት እየተንገዳገደች ብዙ ወራት ቆየች። ስለዚህ ዳግም ስታረግዝ ጎረቤታችን እትየ አለሚቱ ነገሩን በእጃቸው ያዙት። እትየ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከአዊኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ አዊኛ እየተሻገሩ የሚያወሩ፣ የመንደሩን ሴት ሁሉ ያዋለዱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከበር ጀርባ ተቀምጬ ባቄላ ስፈለፍል አባየን ሲያናግሩት ሰማኋቸው።

"ያለፈውን አራስነት በሽሮ ነው ያሳለፈችው" አሉት። "አሁንም እንደዚያው ከሆነች እኔ የለሁበትም። ይችን ሴት ሁለተኛ የሚያነሳት የለም። ቤት ያሉትን ዶሮዎች አንዷንም እንዳትነካ፤ ለሷ ናቸው።"

አባየ አንገቱን ደፍቶ "እሽ እትየ፣ እንዳሉ" አለ። እኔ ባቄላውን እንደያዝኩ ቀረሁ። በልጅ ጭንቅላቴ ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ዶሮዎቹ ካሉ እማየ ትኖራለች፣ ዶሮዎቹ ካለቁ እማየ አትነሳም። ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ይነገራል? ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማታ ማታ ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ ሲወጡ አንድ በአንድ በዓይኔ እሸኛቸው ነበር። እናቲቱ ዛጎልማ ትቀድማለች፤ ሌሎቹን ታቅፋ የፈለፈለች እሷ ናት። ከዚያ ቄቦቹ እየተገፋፉ፣ በመጨረሻ ገብስማው አውራ ዶሮ ግቢውን እንደ ሹም ቃኝቶ ይወጣል።

ጥቅምት ሲገባ አባየ ከሰል ሊያከስል ወጣ። አባወራ በጨለማ ጊዜ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ ለምን ያድራል የሚል ይኖራል፤ የእኛን አገር ሥራ የሚያውቅ ግን አይጠይቅም። እንጨቱ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ፣ ከውስጡ ቀስ ብሎ ነው የሚከስለው። አፈሩ በአንድ በኩል ከተሰነጠቀና ነፋስ ከገባ ክምሩ በአንድ ሌሊት ይነድና የስንት ዓመት ዛፍ አመድ ሆኖ ያድራል። ባለቤቱ አጠገቡ ዳስ ቀልሶ አድሮ፣ ስንጥቁን ሁሉ በአፈር መድፈን አለበት። የአባየ ክምር ከወንዙ ማዶ ነበር። ሞባይል ነበረን፣ አናቷ ላይ ባትሪ ያላት ትንሽ ሞባይል፤ ኔትወርክ ለማግኘት ግን ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእኛ ባትሪ ብቻ ነበረች።

ሲሄድ አባየ ፀጉሬን እየዳበሰ "የሌሊት ዘበኛ አንች ነሽ እንግዲህ" አለኝ። ሊያጫውተኝ ነው። እኔ ግን የምሩን መሰለኝ።

ሸለምጥማጡ የመጣው እሱ በሄደ በማግስቱ ሳይሆን፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ልባችን መለስ ሲል ነው። ዶሮዎቹ ከቤቱ ጋር በተያያዘችው ማድ ቤት ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ያን ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ክንፍ ሲራገብ፣ ቆጡ ሲንኳኳ፣ ከዚያ አንድ የታነቀ ጩኸት። እማየ ያን ሆዷን ይዛ እንዴት ከአልጋ እንደወረደች አላየሁም፤ ከምድጃው ትንታግ መዝዛ በሩን ከፍታ ወጣች። እኔ አበጀን አቅፌ መደቡ ጥግ ተሸጎጥኩ። "ሂድ! ሂድ አንተ የማትረባ!" የሚለው ድምፅዋ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ስትመለስ ቀሚሷ ከሆዷ በታች ደም ነበር። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። በሌላ እጇ ዛጎልማዋን አንጠልጥላ እንደነበር ያየሁት ዘግይቼ ነው። ራስ አልነበራትም።

"ዝም በይ፣ የዶሮዋ ነው" አለችኝ።

ጠዋት መንደርተኛው ምክሩን ይዞ መጣ። አንዱ በርበሬ አጭሱበት አለ፣ አንዱ ጣሳ አጥሩ ላይ ስቀሉ አለ፣ አንዱ ውሻውን አዋሰን። ውሻው በርታ ያለ መስሎ መጥቶ ሌሊቱን አልጋው ሥር ሲያለቅስ አደረ፤ ንጋት ላይ ምንም በሌለበት ወጥቶ ደጋግሞ ጮኸ። እትየ አለሚቱ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብለው በዱላቸው ወደ ቤቱ ሸኙት። ያን ለት ነበር ዶሮዎቹ እኛ ወደምንተኛበት ቤት እንዲገቡ የተወሰነው። ከእማየ አልጋ ግርጌ ሁለት ባላ ተተክሎ፣ አጣና ተጋደመና ቆጥ ሆነ። ኩሳቸው ቢሸትም አበጀ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፤ ዶሮዎቹና እማየ በአንድ ዓይን የሚጠበቁበት ቦታ ላይ ሆኑልኝ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ የሆነ ነገር መራመድ ጀመረ። እርምጃው ቀላል ነው፤ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያዳምጣል። እኔም አዳምጣለሁ። ሁለታችን እንደዚያ ስንደማመጥ የምናድር ይመስለኝ ነበር። አንድ ሌሊት ድምፁ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ጋ ሲደርስ ጠፋ። ባትሪዋን አብርቼ ወደ ላይ አየሁ። ጭስ እንዲወጣ ተብሎ ከተተወው ክፍተት ውስጥ ሁለት ዓይኖች ወደ ታች እያዩ ነበር። አረንጓዴ ናቸው፤ አይርገበገቡም። ዶሮዎቹን የሚያዩ አልመሰለኝም። እማየን ነበር የሚያዩት። ባትሪዋን ለማጥፋትም ፈራሁ፣ እንዳበራሁ ለመቆየትም ፈራሁ። እማየ ነቅታ ጫማዋን ወርውራ እስክታባርረው ድረስ አልጋውን አርጥቤዋለሁ። በዚያ እድሜዬ ማለት ነው። አበጀ ይህን ለመንደሩ ልጅ ሁሉ ነግሮልኛል፣ ይስጥልን።

በነጋታው እማየ ወገቧን አሰረች። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለችና እኔን ትምህርት ቤት ሳትልከኝ አስቀረችኝ። እትየ አለሚቱ ጭቃውን በጭድና በእበት አቦኩት። እነሱ ከታች፣ እኔ እንጨት ላይ ቆሜ ከላይ፣ ቀኑን ሙሉ ስንደፍን ዋልን። ግድግዳው የተሰነጠቀበትን ሁሉ ለሰንነው። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት በማዳበሪያ ከረጢትና በአሮጌ ልብስ ጠቀጠቅነው። መስኮቱን በሳንቃ መታነው። የበሩን ሥር እንኳ በተጠቀለለ ጆንያ ዘጋነው። እናንተ ስታነቡት ሞኝነት ሊመስላችሁ ይችላል። ስንጥቅ አይቶ መድፈን ግን ለእኛ ቤተሰብ መተዳደሪያው ነው፤ አባየ ወንዝ ማዶ የሚሠራውን እኛ ቤት ሠራነው፣ ሌላ ነገር አልነበረም። አመሻሽ ላይ እትየ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው "አሁን እንኳን ሸለምጥማጥ ቁንጫም አይገባም" አሉና ሄዱ።

እማየ መቀርቀሪያውን ከወረወረች በኋላ አጠገቧ አቆመችኝ። "ስሚኝ ስመኝ። ምንም ብትሰሚ፣ ማንም ቢጠራሽ፣ ሌሊት ይህን በር እንዳትከፍች። በር ከተከፈተ ሁሉም ያልቃል። ገባሽ?" አለች። ገብቶኛል አልኩ። እኔ ደግሞ ቃል ከሰጠሁ የማልወጣ ልጅ ነበርኩ፤ ደፋር መሆን ስላቃተኝ ታዛዥ በመሆን ነበር የምካሰው።

ያን ማታ ውርጭ ነበር። የእኛ አገር የጥቅምት ውርጭ አጥንት ይፈልጣል። የእማየ እግር አባብጦ፣ ደግሞም በረዶ ሆኖ ነበር። አባየ ቀድሞ ከከሰለ ትንሽ ክምር በሰው አስይዞ የላከው አዲስ ከሰል ስለነበር የከሰል ምድጃውን ሞልታ ደጅ አቀጣጠለችው፤ ሲጋጋም ወደ ውስጥ አስገባነው። ሌላ ጊዜም ከሰሉ ቤት ውስጥ ያድር ነበር፣ ምንም ሆነን አናውቅም። ቤቱ በየቀዳዳው ይተነፍስ ስለነበር መሆኑን ማን አሰበው? ድንች ከአመዱ ሥር ቀበርን፣ እየላጥን በጨው በላን። እንደዚያ የሞቀ ማታ አላስታውስም። ነፋሱ ውጭ ሲያፏጭ ወደ ውስጥ አንዲት ክር እንኳ አይገባም። እማየ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች፤ አበጀ ገብስማውን አውራ ዶሮ እየመሰለ ደረቱን ነፍቶ ሲራመድ አይታ ነው። ከዚያ ከሰሉን አመድ አለበሰችው። አልጋዋ ላይ አበጀን አቅፋ ተኛች፣ እኔ በሩ ሥር ያለው መደብ ላይ። በዚያ ጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። ዱብ። ከባድና ለስላሳ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ። ራሴን በገመድ እንደታሰረ ይወጥረኛል፣ ምላሴ ደርቋል። ሕልም መሰለኝና ዓይኔን ከደንኩ። ዱብ። ደግሞ ሌላ ዱብ። ክንፍ አልተራገበም፣ ማንም አልጮኸም። ገባ አልኩ። በየት እንደሆነ አላውቅም፣ ገባ።

"እማየ" አልኩ። መልስ የለም። "እማየ!" ባትሪዋን ፈልጌ አበራሁ። ቄቦቹ ከቆጡ ሥር ወድቀው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። ገብስማው ከአጣናው ላይ ቀስ ብሎ ዘመመና ዓይኔ እያየ ወደቀ። ደም የለም፤ አንገታቸውም አልተነካም። ብርሃኑን ወደ አልጋው አዞርኩት። አበጀ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። የእማየ ዓይን ግማሹ ተከፍቷል፣ ወደ እኔ ነው፤ እሷ ግን አትንቀሳቀስም፣ አትናገርም። ሳይነክስ የሚገድል፣ ሳይታይ ቤት ውስጥ የሚዞር ነገር አለ ማለት ነው። ዶሮዎቹን ጨርሶ አሁን ወደ እማየ ደርሷል።

ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። በእጄና በእግሬ እየዳህኩ በሩ ጋ ደረስኩና መቀርቀሪያውን ያዝኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። እንዳትከፍች ተብያለሁ። በር ከተከፈተ ሁሉም ያልቃል ተብያለሁ። ውጭ ዛፉ፣ ጨለማው፣ አረንጓዴ ዓይኖቹ አሉ። ዞሬ እማየን አየኋት፤ እሽ በይኝ፣ ወይም ተይ በይኝ፤ ብቻ አንድ ነገር በይኝ ብዬ። ምንም አላለችኝም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። በመጨረሻ ጀግንነት አልነበረም የከፈተው፤ የውስጡ ፍርሃት ከውጩ ፍርሃት ስለበለጠ ብቻ ነው። ጆንያውን ጎትቼ፣ መቀርቀሪያውን መንጭቄ፣ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ደጃፉ ላይ በፊቴ ወደቅኩ። ብርዱ ፊቴን ሲመታው ድምፄ ወጣ። "ኡኡ! ገባ! እማየን ገደላት! ኡኡ!"

እትየ አለሚቱ በቀሚሳቸው ብቻ፣ በአንድ እጃቸው ዱላ በአንድ እጃቸው ችቦ ይዘው አጥሩን ጥሰው ደረሱ። ሸለምጥማጥ ብለው ነው የመጡት። ደፉን ሲረግጡ ግን ቀጥ አሉ፣ አሸተቱ። "በስመ አብ! ከሰል ነው! ከሰል መታቸው!" አሉና ዱላውን ወረወሩት። ምድጃውን በእግራቸው ወደ ውጭ ገለበጡት፤ ፍሙ ጤዛው ላይ ሲንጫጫ እሰማለሁ። አበጀን አንጠልጥለው እኔ አጠገብ አስቀመጡት። እማየን ግን መሸከም አልቻሉም። በብብቷ ይዘው፣ በአዊኛ ማርያምን እየተጣሩ፣ እየጎተቱ አወጧት። አበጀ አስመለሰው፣ ከዚያ በጩኸት አለቀሰ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ልቅሶ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

እማየም ቆይታ ተነፈሰች፣ አስመለሳት፣ ስሜን ጠራች። ክፉው ያለፈ መሰለን። እትየ ግን ሆዷ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ጆሯቸውንም ለጠፉ። "ልጁ ይንቀሳቀሳል?" ብለው ጠየቋት። እማየ ራሷን ነቀነቀች፤ አይንቀሳቀስም። ጋቢ አልብሰው ግድግዳው ላይ አስደገፏት። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ከሁሉም የከፋው። የሚባረር ነገር የለም፣ የሚደፈን ነገር የለም። ጉሙ ግቢው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፣ ሦስታችን የእማየን ፊት እያየን፣ እሷ ሆዷን እያዳመጠች ተቀመጥን። እትየ ውኃ ያጠጧታል፣ ጀርባዋን ያሹታል፣ ደግመው እጃቸውን ያሳርፋሉ፣ ያነሱታል። ዓይናቸውን ከእኔ ያሸሹ ነበር። እኔ በልቤ ዶሮዎቹ ሁሉ አልቀዋል፣ አሁን ምን ይቀራል እያልኩ ነው።

ወገግ ሲል እማየ ድንገት ትንፋሿን ያዘች። ምንም ሳትናገር እጄን ወሰደችና ሆዷ ላይ፣ በጎኗ በኩል፣ አጥብቃ አሳረፈችው። ከመዳፌ ሥር የሆነ ነገር ገፋኝ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። እትየ አለሚቱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው "ፈሪ ለናቱ ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ! አንች ሌሊቱን በጽኑ ተኝተሽ ቢሆን ዛሬ ሬሳ ነበር የምንገንዝ" አሉኝ።

አባየ ሰው ተልኮበት ሲደርስ ዶሮዎቹ ደጃፍ ላይ ተደርድረው ነበር። ሁሉም ሙሉ ናቸው፣ ላባቸው እንኳ አልተነጨም፤ ግን በክት ናቸውና አይበሉም። አንስቶ ዛፎቹ ውስጥ ጣላቸው። ሸለምጥማጡ ያን ሌሊት ሳይለፋ ድግስ በላ። አባየ ሲመለስ እኔ ቆሜበት የነበረው እንጨት ላይ ወጥቶ የጠቀጠቅነውን ከረጢት አንድ በአንድ ነቀለ፣ የለሰንነውን ጭቃ በዶማ እጀታ በሳሳ። ወንዝ ማዶ የተወው የከሰል ክምር ተሰነጣጥቆ የነደደው በዚያ ቀን ነው። ሄዶ ሊያየው እንኳ አልተነሳም።

እማየ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። አራስ አትጾምም፤ ቤቱም ባዶ አልነበረም። የምናውቃቸውም የማናውቃቸውም ሰዎች ዶሮ በብብታቸው ይዘው መጡ፤ አንዲት ሴት ከጥሊሊ ድረስ በሚኒባስ ይዛ መጣች፣ በመንገድ ያመለጠቻትን ዶሮ ረዳቱ እያሯሯጠ ይዞላት። እማየ በላች፣ ጠጣች፣ ቀላች። በአርባ ቀኗም ሳይሆን በሰማንያዋ፣ ልጅ አቅፋ፣ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ከኋላዋ እየተከተልኩ እርምጃዋን አይ ነበር። አልተንገዳገደችም።

ዛሬ እንጅባራ ሥራ ይዤ እኖራለሁ፤ ለበዓል በሚኒባስ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ዲከረንሱ በሽታ ገባበትና አብዛኛው ቆሞ ደረቀ፤ ሰው እየነቀለ ድንችና ገብሱን መልሶ እየዘራ ነው። ከጀርባችን ያለው ሜዳ ተከፍቶ አስፋልቱ እንደገና ይታያል። መብራት ገብቷል። ጎረቤቶቻችን የውጭ ዝርያ ዶሮ በሽቦ ቤት ያረባሉ፣ ሌሊት አምፖል ይበራላቸዋል፤ እንቁላሉ ይበዛል እንጂ ወጡ እንደ ድሮው አይጥምም ይላሉ እትየ አለሚቱ፣ ጥርስ ሳይኖራቸው። ታናሽ እህቴ ማስተዋል እኔ በዚያን ጊዜ የነበርኩበት እድሜ ላይ ደርሳለች። ሌሊት ብቻዋን ወደ ውጭ ትወጣለች፣ እያንጎራጎረች ትመለሳለች። ለጨለማ ያላት ንቀት አንዳንዴ ያናድደኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ደስ ይለኛል። ለካ ሳይፈሩም ልጅ መሆን ይቻላል።

ባለፈው መስቀል ሄጄ ማታ ማስተዋል "ሸለምጥማጥ ምን ይመስላል?" ብላ ጠየቀችኝ። አይታ አታውቅም። ያን ሌሊት እንደ ሁልጊዜው አሳምሬ፣ እየቀባባሁ፣ አልጋ ማርጠቤን ሳይቀር ነገርኳት። እየሳቀች እንቅልፍ ወሰዳት። አበጀና አባየ ከብት ሊያስሩ ወጥተው ነበር። ከእማየ ጋር ብቻችንን ቀረን።

"ነቅቸ ነበርኮ" አለችኝ። "የመጀመሪያዋ ዶሮ ስትወድቅ ነቅቻለሁ። እጄም እግሬም አልታዘዝ አለኝ፤ አፌም እንዲያው። አንች በሩ ጋ ቁመሽ ወደኔ ስታይ አይሻለሁ። ሌሊት እንዳትከፍች ያልሁሽ እኔ ነኝ፤ አንች ደግሞ ከቃሌ የማትወጭ ልጅ። ከሁሉም የፈራሁ ያንን ነው። 'ጌታየ፣ ዛሬን ብቻ ልጄ አትታዘዘኝ' ብየ ለመንሁት።"

እጇን ያዝኩ። ይህን ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ቤት ውስጥ ብቻዬን የፈራሁ ይመስለኝ ነበር።